የቺካጎዋ መምህርት ማርጋሬት ሄይሊ



በዚህ ግድግዳ ላይ የአርበኞች፣ የደራስያንና የሳይንስ ሰዎች ሕይወት ሲለጠፍ ቆይቷል። አንብበናል፣ ተምረንበታልም። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረን ነበር። እኛ ዕጩ መምህራን ነን። ነገ ከነገ ወዲያ ጠመኔ ይዘን ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሰዎች ሆነን ሳለ የሙያችን ሰው ሕይወት እዚህ ወረቀት ላይ ሲወጣ አላየንም። አስተማሪ የሌላውን ታሪክ ሲናገር ይኖራል እንጂ የእሱ አይነገርለትም ማለት ነው? ስለዚህ በዚህ እትም አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ይዘን ቀርበናል። ስሟ ማርጋሬት ሄይሊ ነው። አገሯ አሜሪካ፣ የታገለችበት ከተማ ቺካጎ ነው። ከሞተች ከ80 ዓመት በላይ ሆኗታል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ብለን ለብቻ ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ስንል የአንዳንድ ጓደኞቻችን ፊት ሲለወጥ አይተናል። ሀብታም አገር ነው፣ እዚያ አስተማሪ ምን ጎድሎት ይታገላል ነው ነገሩ። እስቲ ቆዩ፣ አንብቡትና ከዚያ እንነጋገራለን።

ማርጋሬት ኖቬምበር 15 ቀን 1861 በኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት በምትባል ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ የአየርላንድ ዘር ያላቸው ካቶሊኮች ነበሩ። ልጅነቷን ያሳለፈችው በገጠር በእርሻ መካከል ነው። በኋላ የቤተሰቡ ኑሮ ሲናጋ ትምህርቷን ትታ በ16 ዓመቷ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን አሰብን። እኛ ሃያ ዓመት ሞልቶን፣ የትምህርት ዝግጅታችንን ጨብጠን፣ አሠልጣኛችን ከኋላ ተቀምጦ እያየን እንኳ ለልምምድ ክፍል ስንገባ ጉልበታችን ይንቀጠቀጣል። እሷ በ16 ዓመቷ ብቻዋን ገባች። ሥልጠናው የመጣላት ኋላ ነው።

እሱም ቢሆን በደህና ቦታ ነው የመጣላት። በኩክ ካውንቲ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገብታ ፍራንሲስ ፓርከር ከሚባለው ዝነኛ አሠልጣኝ ሥር ተምራለች። ይህ ሰው ልጅን በቃል ማስሸምደድ የሚጠላ፣ ልጅ አይቶ፣ ነክቶና ሠርቶ ይማር የሚል ነበር። ዛሬ በሥነ ዘዴ ትምህርት ተማሪን ያማከለ እያልን የምንጽፈውን ነገር ፓርከር ያን ጊዜ በተግባር ያሳይ ነበር ማለት ነው። ማርጋሬት ይህን ትምህርት ከልቧ ተቀበለችው። የኋላው ጠቧም ግማሹ ከዚህ የመነጨ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ጥሩ ዘዴ ተምራ ስትወጣ የገባችበት ክፍል ዘዴውን የሚያስሠራ አልነበረም።

ክፍሉ ሄንድሪክስ በሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በቺካጎ የቄራ ሰፈር ነው። የዚያ ዘመን ቺካጎ የአሜሪካ ሥጋ የሚታረድባትና የሚታሸግባት ከተማ ነበረች። ከብቱና አሳማው በባቡር ከየአቅጣጫው እየተጫነ ይመጣል፣ በየፋብሪካው ይታረዳል። በሰፈሩ የሚኖሩት ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከፖላንድና ከሌላም አገር የተሰደዱ ወዛደሮች ናቸው። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ሳያውቁ ይገባሉ። ጥቂት ፊደል እንደ ቆጠሩ ደግሞ ለሥራ ይወጣሉ። የማርጋሬት ክፍል ስድስተኛ ነበር። ለብዙዎቹ ልጆች የመጨረሻቸው ክፍል እሱ ነው። በአንድ ክፍል እስከ 60 ልጅ ይታጨቅ ነበር። ለልምምድ የወጣን ሁላችን ይህን ቁጥር እናውቀዋለን። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፍ ሳይሆን ጉሮሯችን ነግሮናል። ማርጋሬት በዚህ ክፍል 16 ዓመት ያህል አስተማረች። ከዚህ በኋላ የምንተርከው ሁሉ የደረሰው ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው።

በ1897 የቺካጎ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን የቺካጎ መምህራን ፌዴሬሽን አሉት። ከአባላቱ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። መነሻቸው የጡረታ ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ የመምህራን ጡረታ ሕግ ነበረና እሱ እንዳይነካ ለመጠበቅ ተሰበሰቡ። ማርጋሬት ጥቂት ቆይታ ገባች። ከመሪዎቹ አንዷ ካትሪን ጎጊን የምትባል መምህርት ነበረች። ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። ከዚያ በኋላ የአንዷ ስም ያለ ሌላዋ አይነሣም። ጎጊን ሰው የምታረጋጋ ናት ይባላል፤ ማርጋሬት ደግሞ የያዘችውን የማትለቅ። በቁመቷ ትንሽ፣ በክርክር ግን የምታደክም ሴት ነበረች።

ፌዴሬሽኑ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ፈተና መጣበት። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የመሩት ኮሚሽን የከተማው ትምህርት እንዴት እንደሚታደስ አጥንቶ ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ ሥልጣን ሁሉ በአንድ የበላይ ኃላፊ እጅ እንዲጠቃለል ይመክራል። ወንዶች አስተማሪዎች እንዲበዙና ከሴቶቹ የተሻለ ደመወዝ እንዲያገኙም ይጠይቃል። ያው ክፍል፣ ያው 60 ልጅ፣ ያው ጠመኔ፣ ደመወዙ ግን እንደ ፆታው! መምህራቱ ዝም አላሉም። ጉዳዩ በ1899 ሕግ ይሁን ተብሎ ወደ ኢሊኖይ ምክር ቤት ሲቀርብ ተቃውመው አስጣሉት። ያን ጊዜ እነዚህ ሴቶች የመምረጥ መብት እንኳ እንዳልነበራቸው አንባቢ ልብ ይበል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በረዘም ማውራት የምንፈልገው እሱን ነው።

የትምህርት ቦርዱ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በሦስት ዓመት ተከፍሎ የሚሰጥ የደመወዝ ጭማሪ ቃል ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ተሰጠ። ቀጥሎ ገንዘብ የለም ተባለና ጭማሪው ተሰረዘ። እስከዚህ ድረስ የሚያስደንቅ ነገር የለም። ገንዘብ የለም ማለት በየትኛውም ዘመንና አገር የሚባል ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ያጉረመርማል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ክፍሉ ይገባል። ማርጋሬት ግን አንድ የዋህ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀች። ገንዘቡ ለምን የለም? መምጣት ከነበረበት ቦታ ለምን አልመጣም?

የትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነበር። ትንሽ ቤት ያለው ወዛደር በቤቱ ልክ ይከፍላል። ባለሱቁም ይከፍላል። ታዲያ በከተማዋ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የከተማ ባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። የእነዚህ ትልቁ ሀብት ሐዲዱና ምሰሶው አይደለም። ትልቁ ሀብታቸው በሕዝቡ መንገድ ላይ ሐዲድ ለመዘርጋት፣ በሕዝቡ መሬት ሥር ቧንቧ ለመቅበር ከከተማው ያገኙት ፈቃድ ነው። አክሲዮናቸው ገበያ ላይ የሚወደደው በዚህ ፈቃድ ምክንያት ነው። የኢሊኖይ ሕግም ይህ ፈቃድ እንደ ንብረት ተገምቶ ግብር ይከፈልበት ይላል። ሕጉ አለ፤ ገማቹም መሥሪያ ቤት አለ። ገምቶ ግን አያውቅም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሀብት ያለ ግብር ይኖራል፣ አስተማሪዋ ግን ገንዘብ የለም ትባላለች።

በ1900 ማርጋሬትና ጎጊን ማስተማሩን ትተው ይህን ጉዳይ ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው እንዲመረምሩ ፌዴሬሽኑ መደባቸው። ደመወዛቸውን የሚችሉት ጓደኞቻቸው ከኪሳቸው በሚያዋጡት ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ሁለት የአንደኛ ደረጃ መምህራት የግብር መዝገብ ውስጥ ገቡ። የሕግ ባለሙያ አይደሉም፣ የሒሳብ ሹምም አይደሉም። የኩባንያዎቹን አክሲዮንና ዕዳ እያሰሉ፣ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ፣ ባለሥልጣኖች ቢሮ በር ላይ እየጠበቁ ቆዩ። ስድስተኛ ክፍል መቶኛ ሲያስተምሩ የኖሩበት ችሎታ እዚህ ላይ ጠቀማቸው ብለን ብንቀልድ አይፈረድብን። ገማቹን ቦርድ አነጋገሩት፣ እምቢ አላቸው። ከተማ ውስጥ ትልቅ የሕዝብ ስብሰባ ጠርተው ነገሩን ይፋ አወጡት። ከዚያም ቦርዱ በሕግ የተሰጠውን ሥራ እንዲሠራ ፍርድ ቤት ያስገድደው ብለው ከሰሱ።

በ1901 ፈረዱላቸው። ነገሩ በይግባኝ ወደ ኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ እሱም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አካባቢ ፍርዱን አጸናው። ኩባንያዎቹ ደግሞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሮጡ። እዚያ ግምቱ በጣም ዝቅ ተደረገላቸው። በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገባል ተብሎ የተጠበቀው ግብር ወደ 600,000 ዶላር ያህል ወረደ። ቢሆንም 600,000 ዶላር ያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከእሱም ወደ 250,000 የሚጠጋው ለትምህርት ቦርዱ ደረሰ።

ደስ አላቸው፣ አይደል? መጨረሻው ግን እንዲህ ነው። የትምህርት ቦርዱ ገንዘቡን ተቀብሎ ለድንጋይ ከሰል ዕዳና ለሕንፃ ጥገና አዋለው። ለመምህራኑ ጭማሪ አንድም ሳንቲም! ገንዘቡን ፈልገው ያመጡት መምህራት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ መጽሐፉን ዘግቶት ነበር። ማርጋሬት ግን አሁንም ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰች። በዚህ ጊዜ የከሰሱት አሠሪያቸውን ነው። ዳኛው ኤድዋርድ ደን የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1904 ለመምህራኑ ፈረዱ፣ ቀሪ ደመወዛቸው እንዲከፈላቸው ሆነ። እኚህ ዳኛ በሚቀጥለው ዓመት የቺካጎ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በትምህርት ቦርዱ ውስጥም ጄን አዳምስን የመሳሰሉ ሰዎች አስገቡ።

(ወረቀት ስላነሰን ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገሩ። በስተቀኝ ተለጥፏል።)

የመሬቱ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ በየወረዳው ለትምህርት ቤት ተብሎ የሚከለል መሬት ነበር። ከኪራዩ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ ነው። የቺካጎ ድርሻ ዛሬ የከተማዋ እምብርት በሆነው ቦታ ላይ ነበር። ከ142 ብሎክ 138ቱን በ1833 ሸጡት፤ የተሸጠበት ዋጋ 40,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። የቀረችው ጥቂት መሬት ደግሞ ለረጅም ዘመን በኮንትራት ተከራየች። ከተከራዮቹ አንዱ ቺካጎ ትሪቡን የተባለው ትልቅ ጋዜጣ ነው። የኪራዩ ዋጋ በየጊዜው እንደገና እንዲገመት የሚያደርገው አንቀጽም ከውሉ እንዲወጣ ተደረገ። ማርጋሬት ይህንንም አንሥታ ጮኸች። ጋዜጣው ስለ እሷ በጎ ነገር ባይጽፍ ታዲያ ምን ይገርማል?

በዚህ ሁሉ መካከል ማርጋሬት አንድ ነገር ተረድታ ነበር። መምህራቱ ብቻቸውን ናቸው። ድምፅ አይሰጡም፣ ድምፅ የማይሰጥ ሰው ደግሞ ለምክር ቤት አባል ምኑም አይደለም። የቄራ ሠራተኛው፣ አናጢው፣ ባቡር ነጂው ግን ድምፅ አለው። ልጁም እነሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በ1902 ፌዴሬሽኑ ከቺካጎ የሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር ተቀላቀለ።

ጉድ ፈላ። አስተማሪ የተከበረ ሰው ነው፣ እጁ ጠመኔ እንጂ መዶሻ አይነካም፣ ከወዛደር ጋር እንዴት አንድ ይሆናል ተባለ። ከመምህራቱም መካከል የከፋቸው ነበሩ። ይህ ክርክር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የመምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1949 ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ሴክተር ጥናት በተባለው ዕቅድና በደመወዛቸው ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን አቁመው ነበር። መምህርና ባለታክሲ በአንድ ጥዋት! የዚያን ጊዜ ተማሪዎች የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል።

የአሜሪካ መምህራን ትልቁ ማኅበር ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ይባላል። ያን ጊዜ የሚመሩት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና የትምህርት ኃላፊዎች ናቸው። ሴት መምህራት አዳራሹን ይሞላሉ፣ መድረኩ ላይ ግን አይወጡም። በ1901 በዲትሮይት በተደረገው ስብሰባ የአገሪቱ የትምህርት ኮሚሽነር ዊልያም ሃሪስ ትምህርት ቤቶቹ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሲናገሩ ማርጋሬት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቃወመች። ከወለሉ ተነሥታ በዚያ ስብሰባ የተናገረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ይባላል። ኮሚሽነሩ በሕዝብ ፊት ገሠጿት። አልተቀመጠችም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1904፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ራሱ ማኅበሩ መድረክ ሰጥቷት መምህራን ለምን መደራጀት እንዳለባቸው ንግግር አደረገች። አሳቧ ባጭሩ ይህ ነው። ትምህርት ቤት እንደ ፋብሪካ እየሆነ ነው። ከላይ ያለው ያስባል፣ ታች ያለው አስተማሪ እንደ ማሽን የታዘዘውን ይፈጽማል። ራሱ ማሰብ ያልተፈቀደለት አስተማሪ ልጅን ማሰብ ሊያስተምር አይችልም። ደመወዝ፣ የሥራ ዋስትና፣ ጡረታና የክፍል ብዛት የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፣ የማስተማር ጉዳይ ናቸው።

ለዚህ አባባሏ ምሳሌ የሚሆን ነገር እዚያው ቺካጎ ነበር። የትምህርት ኃላፊው ኤድዊን ኩሊ መምህራን የሚገመገሙበትን ውጤት በምስጢር ይይዙት ነበር። ውጤቱ ለደመወዝ እድገት ይታያል፣ ባለቤቷ ግን ስንት እንዳገኘች አታውቅም። ለምን ዝቅ እንዳለባትም የሚነግራት የለም። እኛ የልምምድ ውጤታችን ሲዘገይ ስንት ቀን እንቅልፍ እንደምናጣ እናውቃለን። እሱን ለዓመታት አስቡት።

በ1909 ነገሩ ለጊዜው ተለወጠ። ኤላ ፍላግ ያንግ የሚባሉ የረጅም ዘመን መምህርት የቺካጎ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በአሜሪካ ትልቅ ከተማ ይህን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በሚቀጥለው ዓመትም የብሔራዊ የትምህርት ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ማርጋሬትና ጓደኞቿ በዚያ ምርጫ ብዙ ሠርተዋል። እሳቸው እስከ 1915 ቆዩ።

ከዚያ ከባዱ ጊዜ መጣ። በ1915 የትምህርት ቦርዱ፣ ጄኮብ ሎብ በተባለው አባል አሳሳቢነት፣ አንድ ደንብ አወጣ። ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የተሳሰረ ድርጅት አባል የሆነ መምህር በቺካጎ ትምህርት ቤት ማስተማር አይችልም የሚል ነው። ነገሩ ማንን እንደሚመለከት ሕፃንም ያውቀዋል። ክርክሩ በፍርድ ቤት እየተጓተተ ሳለ፣ በጥር 1916 መጀመሪያ ላይ፣ ካትሪን ጎጊን የጭነት መኪና ገጭቷት ሞተች። ማርጋሬት ከ15 ዓመት በላይ ጎን ለጎን የቆመችውን ጓደኛዋን በትግሉ መካከል አጣች።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ገደማ ከየከተማው የተሰባሰቡ የመምህራን ማኅበራት የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን የሚባለውን አገር አቀፍ ድርጅት መሠረቱ። የቺካጎው ፌዴሬሽን በአባልነት መዝገብ ቁጥር 1 ሆኖ ተመዘገበ። ሁለት ወር ያህል እንኳ ሳይቆይ ቦርዱ 68 መምህራንን ለሚቀጥለው ዓመት አልቀጥርም አለ። ከእነሱ 38ቱ የፌዴሬሽኑ አባላት ነበሩ፣ መሪዎቹም በሙሉ ከውስጡ አሉ። ብዙዎቹ ጥሩ ውጤት የነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን በክፍል የጨረሱ ናቸው። በ1917 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦርዱ ያሰኘውን መቅጠርና አለመቅጠር ይችላል ብሎ ፈረደ። ያ ፍርድ ቤት ከ16 ዓመት በፊት በግብሩ ጉዳይ የፈረደላቸው ነው።

ማርጋሬት ምን አደረገች? ፌዴሬሽኑ ከሠራተኞች ማኅበራትና ራሱ ከመሠረተው አገር አቀፍ ድርጅት ወጣ። በምላሹ የተባረሩት መምህራን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ኦቲስ የተባለ ሕግ ጸድቆ ነበርና ሦስት ዓመት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ መምህር ያለ ምክንያትና ያለ አቤቱታ እንዳይባረር ዋስትና አገኘ።

እዚህ ቦታ ላይ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሰዎች ተጣልተናል ማለት ይቻላል። አንድ ማታ ሙሉ በመኝታ ክፍላችን ስንከራከር አመሸን። ግማሻችን እጅ ሰጠች አልን። 15 ዓመት ከወዛደሩ ጋር ቆማ፣ በመጨረሻው ሰዓት ለቀቀችው፤ አዲሱንም ድርጅት ገና በእግሩ ሳይቆም ጥላው ወጣች። ግማሻችን ደግሞ የ68 ሰው እንጀራ በእጇ ነበር አልን። ከእነሱ መካከል እናቷን የምትጦር፣ ወንድሞቿን የምታስተምር አትጠፋም። በሰው እንጀራ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ደግሞም የሥራ ዋስትናው ሕግ ተገኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መምህራን ሁሉ በሱ ኖረዋል። አልተስማማንም። ስላልተስማማን ሁለቱንም ጽፈነዋል። ከታች በተሰቀለው ፖስታ ውስጥ አስተያየታችሁን ብትጨምሩ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ኋላ ላይ ማርጋሬት አንዳንድ ነገር ማየት ተስኗት ነበር። ፌዴሬሽኗ የአንደኛ ደረጃ መምህራት ሆኖ ቀረ። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ለብቻቸው፣ ወንዶቹ ለብቻቸው፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ተደራጁ። ቦርዱ ከአንዱ ሲጣላ ከሌላው ይስማማል። በ1920ዎቹ አዲስ የመጡትን ኃላፊዎች በርትታ ተቃውማለች፣ ነገር ግን የድሮው ጉልበቷ አልነበረም። ከ1929 በኋላ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ቺካጎ ለመምህራኖቿ ለወራት ደመወዝ መክፈል አቃታት። አንዳንዴም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ወረቀት ትሰጣቸው ነበር። በ1933 ወጣት መምህራን በሺህ እየሆኑ ወደ ባንኮቹ ተሰልፈው ሄዱ። ማርጋሬት ያን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ሰልፉን የመሩት እሷን በዝና እንጂ በቅርብ የማያውቋት ልጆች ናቸው።

በ1937 የተከፋፈሉት ማኅበራት አንድ ሆነው የቺካጎ መምህራን ዩኒየን ተመሠረተ። የማርጋሬት ፌዴሬሽን አልገባም። ለምን እንዳልገባ መገመት ከባድ አይደለም። 40 ዓመት የገነባሽውን ቤት አፍርሰሽ የሌላ ቤት ግቢ ስትባል የምትገባ ጥቂት ናት። እኛ ግን ብትገባ ኖሮ ደስ ይለን ነበር።

ማርጋሬት ሄይሊ ጃንዋሪ 5 ቀን 1939 በ77 ዓመቷ ቺካጎ ውስጥ ሞተች። አላገባችም፣ ልጅም አልነበራትም። የሕይወቷን ታሪክ ጽፋ ትታ ነበር፤ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ግን በ1982፣ ከሞተች ከ43 ዓመት በኋላ ነው። ለአገር አቀፉ ድርጅት በ1916 የተመዘገበችበት ቁጥር 1ን፣ እሷ ስትወጣ ባዶ የቀረውን፣ በ1937 ለአዲሱ ዩኒየን ሰጡት። ዛሬም የቺካጎ መምህራን የሚታወቁት በዚያ ቁጥር ነው።